ሁለት ፒዛና የባላምባራስ በቅሎ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ «አጎቴ፣ ፒዛ የሚባል ምግብ ሰምተው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አጠያየቁ የደግ ሰው ነው፤ ለባላገር አጎቱ ዓለምን ሊያሳይ ቆርጦ መጥቷል። በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራልኝና፣ «እንዲህ ያለ ነው፤ የጣሊያን ምግብ ነው» አለኝ።

«የየትኛው ጣሊያን?» አልሁት።

ልጁ የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ጣሊያን አንድ ነው እየተባለ ያደገ ትውልድ ስለሆነ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሁለቱንም ጣሊያን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ጋግሬአቸዋለሁ። ፒዛቸውን ማለቴ ነው።

እስኪ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ፤ መቼም ሥራ ያለው ሰው ይህን አያነብም። በእኔ ዕድሜ ያሉ የደብረ ታቦር ሰዎች በአምስቱ ዓመት ምን አሳለፋችሁ ሲባሉ፣ አንዱ በጋይንት በኩል በረሃ ገባሁ ይላል፤ አንዱ ታስሬ ነበር ይላል፤ አንዱ እግሩ ውስጥ የቀረችውን ጥይት ሱሪውን ሰብስቦ ያስዳስሳል። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሳል ይይዘኛል። እኔ በጠላት ዘመን ያየሁት መከራ ሁሉ ክብ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በበቅሎ ነው። በቅሎዋ የእኔ አይደለችም፤ የሚስቴ የስንዱ አባት፣ የባላምባራስ ቸኮል ናት። ባላምባራስ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይወዱ ነበር፤ በቅሏቸውንና ልጃቸውን። ቅደም ተከተሉን በስሕተት አልጻፍሁትም። በቅሎዋ ዳማ ናት፤ ስትራመድ ደረቷን ነፍታ፣ መንገደኛውን በጎን እያየች ነው። ሰው ለባላምባራስ እጅ ሲነሣ ለእኔ ነው ብላ ታስባለች ብዬ እጠረጥራለሁ። እኔን የሰርጉ ዕለት አንድ ጊዜ ከእግር እስከ ራስ አይታኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም።

ነሐሴ ገብቷል፤ ፍልሰታ ተይዟል፤ አገሩ ጭቃ ነው። አንበሳሜ ያለችው አክስቴ ታማለች የሚል ወሬ መጣ። ስንዱ አባቷን ለምና በቅሎዋን አስዋሰችኝ። ባላምባራስ ልጓሙን ሲያስረክቡኝ እጃቸው እሺ አላለም፤ እኔ ስስብ እሳቸውም ይስባሉ።

«ሰማህ? ጭነት አትጫንም።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ዳገት ላይ ትወርድላታለህ።»

«እሺ።»

«ቁልቁለት ላይም ትወርድላታለህ።»

ታዲያ መቼ ልቀመጥባት ነው አልልም ነገር። የአንበሳሜ መንገድ ከዳገትና ከቁልቁለት ሌላ ምንም እንደሌለው እሳቸውም አሳምረው ያውቃሉ። «እሺ» አልሁ።

«ለቡሄ ቤተ ክርስቲያን የምወጣባት እሷው ናት። ለቡሄ በቅሎዬ ደጄ ላይ ትቁም። እሷ ካልቆመች ልጄ መጥታ ትቆማለች።»

ስንዱን እወስድብሃለሁ ማለታቸው ነው። ባላምባራስ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም። ልጃቸውን ከዳሩልኝ ጀምሮ የሚመልሱበትን ምክንያት ሲፈልጉ ነው የኖሩት፤ እኔም ምክንያት በመስጠት ሰስቼባቸው አላውቅም። በዚያ ዘመን ወንድ ሚስቴን እወዳታለሁ ብሎ አይናገርም፤ አሁን ግን አርጅቻለሁ፣ ማን ይጠይቀኛል? ስንዱን እወዳታለሁ። ያን ዕለት ከደጃቸው ስወጣ ልቤ ሲመታ በቅሎዋ ሳትሰማው አልቀረችም።

አክስቴን ደህና ሆና አገኘኋት። የታመመችው ጎረቤቷ ናት፤ እሷም ድናለች። ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ሄጄ፣ በቅሎ እየጎተትሁ፣ ድና የጠበቀችኝን የሰው ጎረቤት ጠይቄ ተመለስሁ።

ደብረ ታቦር ልንገባ ስንል የጣሊያን ጦር ሰፈር አለ። ከአጥሩ ወዲያ የሊጥ ሽታ መጣ። እኔ ጾመኛ ነኝና አልፌ ልሄድ ነበር። በቅሎ ግን አትጾምም። ልጓሙን ከእጄ ነጥቃ በበሩ ገባች። ዘበኛው ጠመንጃውን አነሣና መልሶ አወረደው፤ አካሄዷ የባለሥልጣን ስለሆነበት ይመስለኛል። እኔ «ኧረ ያዙልኝ! ኧረ የአማቴ ናት!» እያልሁ ስደርስ፣ አንገቷን እስከ ጆሮዋ ቡሃቃ ውስጥ ነክራ ሊጡን ትሰለቅጠዋለች።

የሊጡ ባለቤት ጄናሮ የሚባል የወጥ ቤቱ አለቃ ነው። ወፍራም፣ ቀይ፣ የናፖሊ ሰው። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ሙሾ አወረደ። ሊጡ ከትናንት ጀምሮ ሲጠብቀው የዋለ ያደረ ኖሯል። በቅሎዋ እስክትጨርስ ጠበቅናት፤ መቼም ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ከዚያ ተይዛ በረት ገባች።

የበረቱ አለቃ ሌላ ጣሊያን ነው፤ ቪቶ ይባላል። ይኸኛው ዘንግ የሚያህል ቀጭን ሰው ነው። አሜሪካ የሚባል አገር ሄዶ ብዙ ዘመን በዳቦ ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ አገሬ ናፈቀኝ ብሎ ቢመለስ፣ አገሩ ወታደር አድርጎ ወደ እኛ ላከው። እኔ መንገድ ሥራ ላይ በግድ ስውል የለቃቀምሁት ጣሊያንኛ አለኝ፤ እነሱም የለቃቀሙት አማርኛ አላቸው፤ በሁለቱ ፍርፋሪ እንግባባለን።

ሊጡ እርሾ የገባበት ነው። እርሾ ደግሞ ሥራውን የትም ይሠራል፤ በማግሥቱ የበቅሎዋ ሆድ ኩፍ አለ። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች በአጥሩ አጮልቀው አዩና፣ «በቅሎ አረገዘች!» አሉ። በቅሎ አርግዛ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ወሬው ገበያ ሳይደርስ ስምንተኛው ሺህ ገባ ተባለ። ከገሳይ ድረስ ሊያይ የመጣ ሰው ነበር። አንዳንዱ በረቱ አጥር ሥር ተንበርክኮ እግዚኦ ይል ጀመር። ባላምባራስ ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ከማን?» ብለው ነው አሉ።

ከዚያ እኔን አስጠሩኝ። «ቡሄ እየመጣ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጄናሮ ዘንድ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «በቅሎህ የበላችውን ራስህ አቡክተህ፣ ራስህ ጋግረህ ተካ። ከዚያ ውሰዳት» አለኝ። ምን ገዶኝ? ድፎ ዳቦ ሲጋገር እያየሁ አድጌአለሁ። ሊጡን አቡክቼ፣ ኮባ ቆርጬ ላነጥፍ ስል ጄናሮ ጮኸብኝ። ኮባውን ወረወረውና ሊጡን በመዳፉ ጠፍጥፎ፣ ጠፍጥፎ፣ ከወዲያ በኩል ያለ ሰው ሊታይ እስኪደርስ አሳሳው። ቲማቲም ቀባው። አይብ እዚህ ጣል፣ እዚያ ጣል አደረገ። በመጨረሻ አንዲት የበሶብላ ቅጠል አስቀመጠበት። አንዲት! እናቴ በሶብላ በእፍኝ ስትሠራ ነው የማውቀው። አንዲት ቅጠል ልጨምርለት እጄን ብሰድ፣ እጄን መታኝ።

«ይህ ፒዛ ነው» አለ። «ለአንድ ሰው አንድ።»

እሱን ፒዛ ይዤ፣ ደስ ብሎኝ፣ የበረቱን ቁልፍ ልጠይቅ ቪቶ ዘንድ ሄድሁ። ቪቶ ፒዛውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። «ይህ ፒዛ አይደለም፤ የፒዛ ነጠላ ነው» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እጅጌውን ሰብስቦ በሁለት ክንዱ የማይታቀፍ ሊጥ አድቦልቡሎ በትሪ ዘረጋ። ቲማቲሙን ደፋበት። አይቡን ሊጡ እስኪሰወር አለበሰው። በላዩ ቋሊማ፣ በቋሊማው ላይ ሽንኩርት፣ በሽንኩርቱ ላይ ደግሞ የረሳው አይብ ትዝ ሲለው እንደገና አይብ። «በአሜሪካ እንዲህ ነው!» አለ። «ይህን ያልበላ ሰው በቅሎ አይወስድም።»

እንግዲህ እዩልኝ። በቅሎዋን የሚፈታት ጄናሮ ነው፤ ቁልፉ ያለው ቪቶ ዘንድ ነው። ቀጭን ብጋግር ወፍራሙ ሰውዬ ደስ ይለዋል፣ ቀጭኑ በር ይዘጋል። ወፍራም ብጋግር ቀጭኑ ደስ ይለዋል፣ ወፍራሙ በቅሎዋን አልፈታም ይላል። ለሁለቱም ብጋግር ደግሞ ሁለቱም የጓደኛቸውን ሲያዩ ያብዳሉ። እኔ ልቅመስና ልለይ እንዳልል ፍልሰታ ነው፤ አይብ በአፌ አይዞርም። የማልቀምሰውን ምግብ ጠዋት ቀጭን፣ ከሰዓት ወፍራም እየጋገርሁ ቡሄ ደረሰ፣ ቡሄ ደረሰ እላለሁ።

አንድ ቀን ሁለቱ ምድጃው አጠገብ ተገናኙ። ጄናሮ የቪቶን ፒዛ «የአሳማ ፍራሽ» አለው። ቪቶ የጄናሮን «የሙት መጋረጃ» አለው። ጄናሮ የሊጥ መዳመጫውን አነሣ፤ ቪቶ አካፋውን አነሣ። እኔ መካከላቸው ቆሜአለሁ፤ የቆምሁት ለማስታረቅ አይደለም፣ መውጫው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ሰው ሊማታ ሲል አገሬው ሁሉ የሚለውን ብዬ ጮህሁ፤

«በሕግ አምላክ!»

ቀጥ አሉ። አማርኛው ገብቷቸው ነው ወይስ የድምፄ መቅጠን ገርሟቸው፣ እስካሁን አላውቅም። በዚያ ዘመን በእኛ አገር በሕግ አምላክ ያለ ሰው የባላጋራዎቹን ነጠላ ጫፍና ጫፍ ቋጥሮ እስከ ዳኛ ድረስ አብረው እንዲሄዱ ያደርጋል። ቋጠሮውን የፈታ ሕግ አፈረሰ ይባላል። እጄ የለመደውን አደረገ፤ የጄናሮን የሽርጥ ማሰሪያ ከቪቶ ካፖርት ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጌ ቋጠርሁት። ከቋጠርሁ በኋላ ነው ማንን እንደቋጠርሁ ያየሁት።

ጄናሮ ቋጠሮውን አየ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የአገሩ» አልሁ።

ሕግ እናመጣላችኋለን ብለው ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ቀድሟቸው ተቀምጦ ሲያገኙት ግራ ገባቸው። ቪቶ ቋጠሮውን ጎተት አድርጎ፣ «ዳኛው ማን ነው?» አለ። ሽማግሌዎች ናቸው አልሁት። «ይምጡ። ለእኔ ነው የሚፈርዱት» አለ። «ለእኔ ነው!» አለ ጄናሮ። ፍርዱ የተሰጠ ዕለት በቅሎዋ እንደምትለቀቅ ሁለቱም እጃቸውን መቱልኝ።

እየሮጥሁ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ ካሣ ሄድሁ። ባላምባራስም እዚያው ተቀምጠው ስለ በቅሏቸው ሲያማርሩ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ባላምባራስ ቱግ አሉ።

«ጠላት ከጠላት ጋር ሲጣላ አንተ ምን ቤት ነህ? ይባሉ እንጂ!»

«ከተባሉ በቅሎዋን የሚፈታ አይኖርም ጌታዬ።»

ባላምባራስ ወዲያው ወደ መምሬ ዞሩ። «መምሬ፣ ዕርቅ እኮ የጽድቅ ሥራ ነው» አሉ።

በማግሥቱ ከጦር ሰፈሩ በር አጠገብ ዋንዛው ሥር ተሰየምን። መምሬ ካሣ በመካከል፣ ባላምባራስ በቀኝ፣ በግራ አንድ ዝም ብለው የሚቀመጡ አዛውንት። ሁለቱ ጣሊያኖች እንደተቋጠሩ መጡ፤ እንደዚያው አድረው ኖሯል። ሁለቱ ፒዛዎች መሬት ላይ በቆርቆሮ ትሪ ተቀመጡ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ የአይቡ ሽታ ጾም ያስገድፋል ወይ የሚል ነው። ዝምተኛው አዛውንት፣ «ነፋሱ ከኋላችን ይሁን» አሉ። ዳኞቹ ተነሥተው ከዛፉ ወዲያ ተቀመጡ። ነፋሱ ዞረ። ዳኞቹም ዞሩ። ዛፉን አንድ ጊዜ ሙሉውን ከዞርነው በኋላ መምሬ አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙና፣ «ፍርድ በዓይን ይሰጣል» ብለው ነገሩን ከፈቱ።

«ይህን ስስ የሆነውን ስንት ሰው ይበላዋል?»

«አንድ ሰው» አለ ጄናሮ።

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«ታሞ ነው?»

«ጤነኛ ነው።»

«ዘመድ የለውም?»

«አለው። እነሱም አጠገቡ ተቀምጠው የየራሳቸውን ይበላሉ።»

መምሬ ጄናሮን እያዘኑ አዩት። ወደ ቪቶ ዞሩ።

«ይህን ወፍራሙንስ?»

«ብዙ ሰው!»

«እሰይ! ከበው፣ በአንድ ገበታ?»

«የለም። ይቆረጥና ይሸጣል። ሁሉም ቁራሹን ይዞ መንገድ ላይ እየሄደ ይበላል።»

«እየሄደ?»

«እየሄደ።»

«ምን ያሳድደዋል?»

ቪቶ የእጁን ዱቄት አራገፈ። «እንጃ» አለ። «እኔም ስበላ እሄድ ነበር።»

«በቅሎዬስ?» አሉ ባላምባራስ።

መምሬ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ሰምተናል፣ አይተናል። ይህ ስስ የሆነው እንጀራ ነው፤ ወጡን ቀድመው አፍስሰውበታል። ይህ ወፍራሙ ዳቦ ነው፤ ወጡን ደፍተውበታል። እንጀራና ዳቦ በአንድ ቤት ይኖራሉ፣ ሲካሰሱ ታይተው አያውቁም። አንደኛው ብቻውን ለሚበላ ሰው፣ ሁለተኛው እየሮጠ ለሚበላ ሰው የተሠራ ነው። ሁለቱም ያሳዝናሉ። የሚያጋድል ነገር ግን የላቸውም። ታረቁ!»

ተረጐምሁላቸው። ያሳዝናሉ የሚለውን አስቀረሁት።

ዕርቅ ያለ ጉርሻ አይጸናምና እርስ በርሳቸው እንዲጎራረሱ ታዘዙ። ጄናሮ ከቪቶ ፒዛ ጎረሰ። አኘከ። «ፒዛ አይደለም» አለ። አለመሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆረሰ። ቪቶም ስሱን አጥፎ ዋጠና ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ፤ «እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው» ብሎ ተነፋረቀ። ተቃቀፉ። ቋጠሮውን ፈታሁት። እኔም ስንዱን ያተረፍሁ መስሎኝ በልቤ እልል አልሁ።

ይኼኔ ነው መምሬ ሥርዓቱን ያስታወሱት። «ለዕርቁ ዋስ ጥሩ» አሉ። ዋስ የሌለው ዕርቅ ደግሞ ዕርቅ አይባልም። ጣሊያኖቹ በዚህ አገር ዘመድ የላቸውም። ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ ሁለቱም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተው፣ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«እሱ!»

«ምን እንዲያደርግ?» አሉ መምሬ።

«ከእኛ ጋር ይቀመጥ» አለ ጄናሮ። «ለእኔ ስሱን፣ ለእሱ ወፍራሙን ይጋግር። እሱ ካለ አንጣላም።»

እኔ አፌን ከፈትሁ፤ የምናገረው ሁሉ ትርጉም ስለሚመስላቸው የሚሰማኝ የለም። ባላምባራስ የበቅሏቸውን ልጓም ጨብጠው፣ «ይሁን! ይሁን! ዋስ ከአማቼ የበለጠ ከየት ይመጣል?» አሉና የሆዷ እብጠት የተነፈሰላትን በቅሎ እየዳበሱ ይዘዋት ሄዱ። በቅሎዋ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። ሁለተኛ ያየችኝ ያን ዕለት ነው።

በቅሎዋ ወጣች፣ እኔ ገባሁ። ጠዋት ስሱን፣ ከሰዓት ወፍራሙን። አንድ ፍርፋሪ በአፌ አልገባም። በአጥሩ ሥር የሚያልፈው ሰው ፊቴ ላይ ዱቄት አይቶ፣ «ባንዳ!» ብሎኝ ያልፋል። ያ ቃል ያማል። ጎረቤቴ፣ አብሮኝ ያደገ ሰው፣ እንደማያውቀኝ ምራቁን እንትፍ ብሎ አለፈ። ያን ቀን ያቦካሁት ሊጥ ጨው አላስፈለገውም።

ስንዱ ሽሮዬን በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለኛለች።

«መቼ ነው የምትወጣው?» አለችኝ።

«ጣሊያኖቹ ተጣልተው ዕርቁ ሲፈርስ።»

«ካልተጣሉስ?»

«እኖራለሁ።»

«ከተጣሉስ?»

«ዋስ ነኝና እጠየቃለሁ።»

«አባቴ በዚህ ላይ ምን አለ መሰለህ? ባንዳ ቤት ልጅ የለኝም፤ ከቡሄ በኋላ እወስድሻለሁ አለኝ።» ነጠላዋን አጣፋችና፣ «የወንድ ሕግ!» ብላ ሄደች።

እዩ እንግዲህ፤ በቅሎዋ ብትቀር ስንዱ ትሄዳለች፣ በቅሎዋ ብትመጣም ስንዱ ትሄዳለች። ያን ቀን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም ፒዛ አሳረርሁ። ጄናሮና ቪቶ እኩል ስላረረባቸው አልተጣሉም።

የቡሄ ጠዋት የአገሩ ጎረምሳ ሁሉ ጅራፉን አወጣ። ጅራፍ ከሩቅ ሲሰማ ያው ጥይት ነው። የጦር ሰፈሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ ወታደሩ ምሽግ ገባ፤ ጄናሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ። «በዓል ነው! በዓል ነው!» እያልሁ እጮሃለሁ፤ የሚያምነኝ አጣሁ። በዚህ መሐል በበሩ በኩል አንዲት የበዓል ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ኮርቻዋ ላይ ቀይ ግላስ የተጣለባት በቅሎ እየሳበች ገባች። ዘበኛው አሁንም ጠመንጃውን አነሣና አወረደው። አካሄዷን ታውቁታላችሁ፤ የበቅሎዋን ማለቴ ነው፣ የስንዱም ያን ዕለት እንደዚያው ነበር።

ባላምባራስ ቤተ ክርስቲያን በክብር ወጥተው፣ በቅሎዋን ደጀ ሰላሙ ላይ አስረው፣ ማሕሌት ላይ ቆመዋል። ስንዱ ፈትታ አመጣቻት።

«ዋስ ልለውጥ መጣሁ» አለች። «በላቸው።»

ተረጐምሁ። ጄናሮ ከጠረጴዛው ሥር ራሱን ብቅ አደረገ።

«ይህች በቅሎ ከባሌ ትበልጣለች። ካላመናችሁ አባቴን ጠይቁ። የበለጠው ዋስ ከመጣ ያነሰው ይለቀቃል። በላቸው!»

ይህንንም ተረጐምሁ። ያነሰው የተባልሁት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ቃሉን አላጎደልሁም።

«ማን ይጋግርልናል?» አለ ጄናሮ።

ቪቶ አልመለሰለትም። በቅሎዋን አየ፣ ስንዱን አየ፣ ጭቃ የበላውን የቀሚሷን ዘርፍ አየ። «አባቷ ያውቃል?» አለኝ።

«ከቅዳሴ ሲወጡ ያውቃሉ።»

ቪቶ ልጓሙን ከእጇ ተቀበለ። «አሜሪካ ስሄድ እኔም ሚስት ነበረችኝ» አለ። «እሷም በቅሎ ነበራት። እሷ በቅሎዋን መረጠች።» ከዚያ በእጁ ወደ በሩ አሳየኝ።

በጭቃው ውስጥ ጎን ለጎን ሄድን። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ «ዝናቡ ነው» አልኋት። «ዝናብ የለም» አለችኝ ሳትዞር። እጄን ግን ያዘችው፤ በመንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ።

ባላምባራስ በእግራቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ በቡሄ ዕለት፣ አገር እያያቸው ደጃችን ደረሱ። ከኋላቸው መምሬ ካሣ፣ ከመምሬ ኋላ ያ ዝምተኛ አዛውንት።

«በቅሎዬስ?»

«ዋስ ሆናለች አባቴ» አለች ስንዱ። «ፈትቼ የወሰድኋት እኔ ነኝ። በቅሎዬ ደጄ ካልቆመች ልጄ ትቆማለች ብለው የለ? ይኸው፣ ነጠላዬን ላንሣና ልምጣ።»

ባላምባራስ ልጃቸውን አዩዋት። ቤታቸው ያለው ፈረስ፣ ሁለቱ በሬዎች፣ የምትታለበው ላም በዓይናቸው ሲያልፉ ታየኝ።

«አንቺ? እኔ ቤት?» አሉ። «ኧረ እዚሁ ሁኚ!»

ተቀመጡ፤ ስንዱ እግራቸውን አጠበች፤ የቡሄ ሙልሙል አቀረበችላቸው። ከዚያ ወዲህ ልጄን እወስዳለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። በቅሎዋም ጣሊያን የወጣ ጊዜ ብቻዋን እየተንጎማለለች ተመለሰች፤ ወፍራለች፣ ሣር ንቃለች፤ ሊጥ የተቦካበት ቤት ደጃፍ ላይ ካልቆምሁ ትል ነበር፣ እስክትሞት ድረስ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አጫወትሁት። ልጁ ሲስቅ ቆየና፣ «እሺ አጎቴ፣ እስኪ ይፍረዱ፤ የጣሊያኑ ይሻላል ወይስ የአሜሪካኑ?» አለኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጀምር ስል የስንዱ ድምፅ ከጓዳ መጣ።

«ተው ልጄ፣ እሱን ዳኛ እንዳታደርገው! አሁን የቀረችን አንዲት አህያ ናት!»